የትኛው ሰንጢ ይሻለኛል ላለኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ዶክተር፣ ራሴን ለመከላከል የትኛው ሰንጢ ይሻለኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ጥያቄውን ድሮም ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ቀኝ እጁን በሸሚዝ ጠቅልሎ መጣ። ስልኩን ሊነጥቁት ሲሉ ሰንጢ አውጥቶ ሰነዘረ። ጫፉ ቀበቶ ይሁን ሌላ ጠንካራ ነገር ነክቶ ቆመ። እጁ ግን አልቆመም፤ ላብ ያራሰው እጀታ ላይ ተንሸራትቶ የገዛ ስለቱ ላይ አረፈ። የሁለት ጣቶቹ ጅማት ተበጥሷል። ጅማት በሰዓታት ይሰፋል፤ ጣት እንደልብ እስኪታጠፍ ግን ወራት ይፈጃል።

ያስተማሩኝ ሐኪም «እየሰፋህ አጫውተው፣ ፍርሃቱ ይለቀዋል» ይሉኝ ነበር። እኔም ሳጫውተው ቆየሁ። ደስ የሚል ልጅ ነበር። «ምን ባደርግ ነው የማይቆርጠኝ?» አለኝ። «እጅ የሚያግድ ነገር ያለው ጩቤ ቢሆን ኖሮ አይቆርጥህም ነበር» አልኩት። እውነት ነው። ግን የመለስኩለት ስለ ብረቱ ነው።

እናንተ ደግሞ ቪዲዮ አብዝታችኋል። እዚያ የተወጋ ሰው ወዲያው ይወድቃል። እኔ ጋ ከመጡት ስንቱ ቡጢ የቀመሰ መስሎት በእግሩ ገባ! የወጋችሁትም እንደዚያው ነው፤ አይቆምላችሁም። አሜሪካዊው የፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር በ1983 እንደጻፈው፣ ቢላዋ የያዘ ሰው 6.4 ሜትር በ1.5 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ኪሳችሁን እስክትዳብሱ አለቀ። ስልኩን ስጡና ሩጡ። በእርግጥ እኛም በእናንተ ዕድሜ አንሮጥም ነበር።

ከተወጋችሁ የተሰካውን አትንቀሉ። የሚደማውን አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ እያነሳችሁ አትዩ። አዋቂ ሰው ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ 2 ሊትር ከፈሰሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ያ ልጅ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። አልቆሰለም። የተጣላውን የሰፈሩን ልጅ አዝሎ ነው የመጣው። ቁስሉ ከጎድን አጥንት በታች፣ ከጥፍሬ ያነሰ ነበር። ውስጡ ግን ደም ሞልቷል። አልደረስንለትም። ስወጣ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። «ዶክተር፣ እጄን አልቆረጠኝም» አለኝና ዘረጋልኝ።

የሰፋኋቸው ጣቶች በደንብ ይታጠፉ ነበር።