ወታደር ትዳር አይዝም ያለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4 ላይ «የሚዘምተው ሁሉ ለጦር ያስከተተውን ደስ ያሰኝ ዘንድ፥ ትዳር በሚገኝበት ንግድ ራሱን አያጠላልፍም» ይላል። አንድ ጓደኛዬ «ክርስቲያን ወታደር ነው፤ ወታደር ደግሞ ትዳር አይዝም» ብሎ እጮኛውን ሊተዋት ነው። እውነት ቃሉ እንዲያ ይላል? «ያስከተተው»ስ «ያስከተለው» ለማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም አይልም! ለጓደኛህ ዛሬውኑ ደውልለት።

ያሳሳተው «ትዳር» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ትዳር ሲባል ቶሎ የሚታየን ባልና ሚስት ነው። የጠቀስከው የ1954ቱ ትርጉም ግን ቃሉን ሰፋ አድርጎ፣ ኑሮ ወይም መተዳደሪያ በሚለው ፍቺው ነው የተጠቀመበት። ይሄ ፍቺ ደግሞ ጨርሶ አልጠፋም፤ አንድን ሰው «በምን ትተዳደራለህ?» ብለን ስንጠይቀው እኮ ገቢህ ከየት ነው ማለታችን እንጂ አግብተሃል ወይ ማለታችን አይደለም። ሐረጉንም ሙሉውን አንብበው፦ «ትዳር በሚገኝበት ንግድ»። በንግድ የሚገኘው ኑሮ ነው። በግሪኩም ያለው «ቢዮስ» ነው፣ ሕይወት፣ ኑሮ ማለት። ለጋብቻ ሌላ ቃል አለው፣ «ጋሞስ»።

«ያስከተተው» የፊደል ስህተት አይደለም። እንዲያውም ከጥቅሱ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። «ክተት!» ከሚለው የዘመቻ ጥሪ ጋር አንድ ቤት ነው፤ ያስከተተው ማለት ክተት ብሎ የጠራው፣ ለዘመቻ የሰበሰበው አለቃ ማለት ነው። «ያስከተለው» ብትለው ወታደሩ ዝም ብሎ ከኋላ የሚሄድ ሰው ይሆናል፤ «ያስከተተው» ስትል ግን ጥሪ ሰምቶ፣ ጓዙን ሸክፎ፣ ደጁን ዘግቶ የወጣ ሰው ነው የሚታይህ። ደስ ሊያሰኝ የሚሻውም ያንኑ የጠራውን ነው።

«አያጠላልፍም»ም ቀላል ቃል አይደለም። ክር ከክር፣ ገመድ ከእግር ሲያያዝ ነው ተጠላለፈ የምንለው፤ የግሪኩ ግስም ከመጎንጎን የመጣ ነው። ስለዚህ ጥቅሱ ሠርቶ መኖርን አይከለክልም። የሚከለክለው ኑሮው እግሩን ተብትቦ ከዘመቻው እስኪያስቀረው ድረስ መግባትን ነው። ጳውሎስ ራሱ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። እዚሁ ምዕራፍ ላይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ የሚደክመውን ገበሬ በምሳሌነት ያነሣል። የጋብቻው ነገር ካሳሰበህ ደግሞ፣ ለዚሁ ለጢሞቴዎስ በተጻፈው በመጀመሪያው መልእክት (3፥2) ኤጲስ ቆጶስ እንኳ «የአንዲት ሚስት ባል» እንዲሆን ነው የተባለው።

ለወጣቶች ጮክ ብለህ ስታነብላቸው «ትዳር» ላይ ስትደርስ «መተዳደሪያ ማለት ነው» ብለህ እለፍ። «ያስከተተው»ን ግን እባክህ አትንካው። «የቀጠረው» ብለህ ብታቀልለው ዘማቹን ደሞዝተኛ ታደርገዋለህ።