መልስ፦ ውሻችን ሰርጋችን ላይ ይገኝ ወይስ ይቅር?

ጥር ላይ ለገጣፎ ልትጋቡ መሆኑን፣ ቦቢንም ከሚዜዎቹ ጋር ማሰለፍ እንደፈለግሽ አነበብኩ። እንኳን ደስ አለሽ! እኛም ሰበታ ስንጋባ ይሄው ጥያቄ ነበረብን።

ቤተ ክርስቲያን የምትጋቡ ከሆነ እርሺው፤ ውሻ ቅጥር ግቢውም አይገባም። ድንኳኑም ጋ ባይመጣ ይሻላል። ክላክስ፣ ከበሮ፣ ሆታ... የእኛው ደንግጦ አጥር ዘለለና ማታ ጎረቤት ቤት አልጋ ስር ተገኘ። ሙሽሪት በቬሎ ውሻ ፍለጋ! (አማቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።)

ለመልሱ ግን አምጪው። ሰው ይቀንሳል፣ ፎቶም ተረጋግታችሁ ትነሳላችሁ። የሚያውቀው ልጅ ገመዱን ይያዝለት። እንግዳ ደግሞ በፍቅር ዶሮ ወጥ እንዳያጎርሰው! ቀይም ነጭም ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ሊበሳ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ካለፈበት ከሰርጉ ቀደም ብለሽ አስከትቢው።

ከእጮኛሽ ጋር ደግሞ አሁኑኑ ተነጋገሩ፦ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ግቢ የሚያድረው? እኛ ሳንነጋገር ገብተን 3 ወር ተጨቃጨቅን። አሁን በረንዳ ላይ ያድራል። ሲዘንብ ግን ሳሎን የሚያስገባው ባሌ ራሱ ነው።