ቤታኒ ሃሚልተን ትፈራለች፣ ግን ትገባለች

ሰላም እህት፣ «ሻርክ እጇን የቆረጣት ሰርፈር እንዴት ተመልሳ ተወዳደረች፣ አትፈራም እንዴ?» ላልሽው፣ ኧረ ትፈራለች! ማዕበል ላይ በቦርድ የምትንሸራተተው ቤታኒ ራሷ ውሃ ላይ ሆና የሻርክ ፍርሃት እንደሚመጣባት ተናግራለች። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ 2003 ሃዋይ ካዋይ ደሴት ላይ ነው፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ቦርዷ ላይ ተኝታ ግራ እጇን ውሃ ውስጥ እንዳንጠለጠለች ታይገር ሻርክ ከትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆረጠው፣ ከ60 በመቶ በላይ ደሟ ፈሷል። ወር እንኳን ሳይሞላት ተመልሳ ውሃ ገባች!

እኔን ሁሌ ሆዴን የሚያባባው ግን እጀታዋ ነው። ማዕበል ሲመጣ ሰርፈሮች ቦርዱን በሁለት እጅ ወደታች ተጭነው ከስሩ ነው የሚያልፉት፣ በአንድ እጅ ግን ቦርዱ እየዞረ ያመልጣል፣ እና አባቷ ቦርዷ ላይ እጀታ ገጠመላት፣ እሱን በቀኝ እጇ ጨብጣ ትጠልቃለች። መጀመሪያ ሰሞንም ለመቆም እንዲቀላት ረዘምና ወፈር ያለ ቦርድ ነበር የያዘችው፣ ይሄ ምንም አያሳፍርም።

ጃንዋሪ 2004 ላይ ተወዳደረች፣ በ2005 ብሄራዊ የአማተር ውድድር አሸነፈች። 2016 ፊጂ ውድድር ላይማ እናት ሆና መጥታ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ስቴፋኒ ጊልሞርን ሳይቀር አሸንፋ 3ኛ ወጣች፣ ቪዲዮውን ፈልገሽ እይው በናትሽ!