የጫት ሱስ ይተላለፋል፣ ይስፋፋል ወይስ ይጋባል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ የጫት ሱስን በወረርሽኝ ቀመር ማስላት ላይ ነው። በአማርኛው ማጠቃለያ «ሱሱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያየልኝ ሰው «ሱስ ጀርም የለውም፤ ይስፋፋል በል» አለኝ። የቱ ልክ ነው?

መልስ፦ ይህ «ተስፋፋ» የሚሉት ግስ ብዙ ጊዜ ሲያናድደኝ ኖሯል። ንግድ ይስፋፋል፣ ከተማ ይስፋፋል፣ መስኖ ይስፋፋል። ማን ከማን እንዳገኘው ግን ቃሉ አይነግረንም። የእርስዎ ሞዴል ዋና ጉዳይ ደግሞ ማን ከማን የሚለው ነው።

የወረርሽኝን ሒሳብ ያጠኑት ከርማክና ማኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ሕዝቡን ተጋላጭ፣ ሕሙምና ያገገመ ብሎ ይከፍላል። አዲስ የሚታመሙት ስንት እንደሆኑ ለማወቅ የተጋላጮቹ ቁጥር በሕሙማኑ ቁጥር ይባዛል። ማባዛቱ መገናኘትን ይወክላል። በሕሙም ፈንታ ሱሰኛ ቢያስገቡ አሠራሩ ያው ነው፤ በርጫ ላይ ከጓደኛው እጅ ቅጠል የሚቀበለው ወጣት ያለው እዚያች ማባዣ ውስጥ ነው። «ይስፋፋል» ካሉ እሱን አወጡት ማለት ነው።

«ጀርም የለውም» የሚለው ክርክርም አያስኬድም። አማርኛ መቼ ጀርም ጠይቆ ያውቃል? ማዛጋት ይጋባል። ሳቅ ይጋባል። ጠባይም ይጋባል። ወባ ያዘው እንደምንል ሱስ ያዘው እንላለን፤ ያዡ ሕመሙ ነው፣ ሰውየው ተያዥ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለውን ጠቅሶ «ሱስ ትምህርት እንጂ በሽታ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ተረቱ ግን ክብደቱን የጣለው «የዋለች» ላይ ነው። አብራ ባትውል ከየት ትማረው ነበር?

ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ይጋባል» ነው። ስሙም «ተጋቦት»። ሥሩ ገባ ነው፤ የገባ ዘመድ የግእዙ ገብአ ሲሆን፣ እሱ ከመግባት ሌላ «ተመለሰ» ማለትም ነው። ይህ ለሱስ እንዴት እንደሚስማማ ይመልከቱ! ኩፍኝ የያዘው ሰው ከዳነ በኋላ ዳግም አይያዝም ማለት ይቻላል። ጫት የተወ ግን ይመለሳል። ስለዚህ በሱስ ሞዴሎች ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ካገገሙት ወደ ሱሰኞቹ የሚመለስ ቀስት ይሣላል። ለዚያ ቀስት «አገረሸ» የሚል የታወቀ ቃል አለን። «ዳነ» አይበሉ፤ «አገገመ» ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሚ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ቃመ የግእዙ ቀምሐ ዘመድ ነው፤ ቆሎም ይቃማል፣ በሶም ይቃማል። ግሱ ድርጊቱን ብቻ ነው የሚናገረው። አልፎ አልፎ የሚቅመውንና ሐራራ የሚያሰቃየውን በአንድ ሣጥን ከከተቱ ስሌትዎም ይሳሳታል። «ቃሚ» እና «ሱሰኛ» ይለያዩ።

«ይተላለፋል»ን ግን ስሕተት ነው ማለት አልችልም። ከኀለፈ (ከአለፈ) የመጣ ነው፤ መተላለፍ ለእኔ አሁንም መንገድ ላይ ተላልፎ መሄድ ይመስለኛል። ሆኖም የጤና ባለሙያውም ጋዜጣውም «ተላላፊ በሽታ» ብሎ ጨርሷል፤ «ተጋቢ በሽታ» ቢሉ ሙሽራ የሚያስብ አንባቢ ይበዛል። ደስ ባይለኝም አሸንፏል።

ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር አይንኩት። ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲሆን «ይተላለፋል» ይበሉ። ስለ መላው ሕዝብ ሲያወሩ፣ አንድ ሱሰኛ በአማካይ ከአንድ በላይ አዲስ ሱሰኛ ሲያፈራ፣ «ይዛመታል» ይበሉ። «ይስፋፋል»ን ለጫት እርሻው ይተዉለት። በመግቢያው ላይ አንድ ቦታ «ተጋቦት» ቢያስገቡልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።