«ዳታ ፈጠረ» ያለኝን ሰው ልክሰስ ወይ ላልከው
ወንድሜ፣ ቡናና የአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሠራኸውን ጥናት «ዳታውን ፈጥሮት ነው» ብሎ ፌስቡክ ላይ የለጠፈብህን ሰው ልክሰስ ወይ ብለሃል። እኔም እዚሁ ጅማ በዚሁ ጣጣ ተንከራትቻለሁ፣ ስማኝ።

1. የተጻፈብህን ለይ። «ጥናቱ አይረባም» አስተያየት ነው፣ ዋጠው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2047 በሕዝብ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የሰጠን ሰው፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ ካልጻፈ በቀር፣ አይነካውም። «የዝናቡን ልኬት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞላው» ግን ሌላ ነው። እኔ የያዝኩት ይቺን ብቻ ነበር።

2. ገንዘብ አትጠብቅ። ቁጥር 2116 ላይ የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያው 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ! ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ጠበቃ ይህን ዋጥ አድርጎ «200,000 እንጠይቅ» አለኝ። የዳኝነት ክፍያ ደግሞ በጠየቅከው ልክ ነው የሚሰላው፣ የከፈልኩት የካሳውን ጣሪያ በልጦት አረፈ። በዚያ ላይ አቤቱታውን በአማርኛ ጻፈው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ሕጉ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ግን ብርቱካን እየላጠ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን በመስኮት ገፋው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአውራ ጣቱ ርጥብ አሻራ እስካሁን አለ። «ምን ይጎድላል?» ስለው «አንብበው» ብሎኝ እርፍ! ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያለ ተርጓሚ ባያድነኝ እዚያው እቀር ነበር።

3. ጊዜው... አሜሪካዊው የአየር ንብረት ተመራማሪ ማይክል ማን ሥራውን ማጭበርበር ነው ያሉትን ጸሐፊዎች የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የተፈረደለት በ2024። የጉዳት ካሳው ከሁለቱ ተከሳሾች አንድ አንድ ዶላር! በአንደኛው ላይ የተጣለውን 1 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳም ዳኛው በ2025 ወደ 5,000 አወረዱት። ይባስ ብሎ አብሮ ተከሶ ከክሱ ለወጣው ናሽናል ሪቪው ለተባለው መጽሔት ከ500,000 ዶላር በላይ የጠበቃ ወጪ ክፈል ተባለ። እኛ በ1,000 ብር ጣሪያ ምን እንላለን?

ስለዚህ እርማት ጠይቅ። እኔ የዝናብ መለኪያ ጣቢያውን መዝገብ በዋናው ይዤ ቀረብኩ፣ የለጠፈብኝ ሰውዬ አንድ ገጽ አገላብጦ ዝም አለ። በሽምግልና ጨረስን፣ እርማቱን እዚያው በለጠፈበት ገጽ በስሙ ጻፈ። ጎረቤት ሁሉ ሼር አደረገው፣ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅህም።

ፖስቱን ሳያጠፋው ቀኑና ሊንኩ የሚታይ ስክሪንሾት ያዝ። የመክሰሻው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የተርጓሚውን ስልክ ከፈለግክ ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ የጠበቃውን ግን አልሰጥህም።