ከከተማ ወጣ ብሎ በእግር፦ የጠየቃችሁኝ

ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ዳር ካሉት ተራሮች አንዱ ላይ ነኝ። ስለ እግር ጉዞ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አላስተረፋችሁኝም።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ። እንጦጦን ሽቅብ ስል ግን ገና ከመጀመሬ ትንፋሽ ያጥረኛል። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆንክም። ከተማው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፣ የጂም ጡንቻ ብዙ አያድንም። እያወራህ መውጣት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ተመልከት። አይሮጡም፣ ግን ዝም ብለውም አይቆሙም። ስታገኛቸው ታዲያ መንገድ ልቀቅላቸው፤ አንተ የያዝከው የውኃ ኮዳ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት ይኬዳል?

ይኬዳል፣ ግን እኔ አልመክርም። አምና ሐምሌ ላይ ባሕር ዛፍ ውስጥ ስወርድ ተንሸራትቼ በመቀመጫዬ ብዙ ሜትር ተጓዝኩ። ሱሪዬ አልተረፈም። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር ብዙ አይበቅልም፤ ጭቃው ላይ የረገፈው ቅጠል እንደ ሳሙና ነው። ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት በረዶ ሊጥል ይችላል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ብቻዬን ብሄድስ?

እህቴ፣ በእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ችግር የለውም። ከፓርኩ ውጪ ባለው ጫካ ግን ብቻሽን አትግቢ። ለወንዶችም የምለው ይህንኑ ነው፤ ስልክ የሚነጥቅ ጾታ አይመርጥም። ሦስት አራት ሆናችሁ በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ውረዱ። ሲመሽ ቦታው የጅብ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል። ለእኔ የሚሆን መንገድ አለ?

አለዎት እንጂ! ጉልበት የሚጎዳው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ በመኪና እስከ እንጦጦ ማርያም ይውጡና እዚያው በተራራው ጀርባ ላይ፣ ሜዳ ሜዳውን ይንሸራሸሩ። ከዘራዎን አይርሱ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እዚያው ማርያም ነው፤ ጎራ ብለው ይሳለሙ። ሲመለሱም በመኪና።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ሰለቸን። ሌላ የት እንሂድ?

መናገሻ ሱባ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከከተማው በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የወጨጫ ተራራ ላይ። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የመጣ እንግዳ ነው። መናገሻ ግን የአገሩ ጫካ ነው፦ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። አንዳንዱን ግንድ ሁለት ሰው ተያይዞም አያቅፈውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ድምፅ ካላሰማችሁ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ ድኩላም። ስፒከር ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካላችሁ ቤቱ ይቅር።

ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይተካዋል። ጫፉ 3,300 ሜትርን ያልፋል፣ ነፋሱም አይጣል ነው። ሙሉ ቀን መድቡለት።

ጥያቄ፦ ምን እንያዝ?

ውኃ፣ ቆሎ፣ የዝናብ ጃኬት። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ የእረኛ ውሻ ቢመጣብኝስ?

አትሩጥ። ቁም፣ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ ያነሳህ ምሰል። ድንጋይ ባይኖርም ግድ የለም፣ አብዛኛው ውሻ ማጎንበስህን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ካልተመለሰ እረኛውን ጥራ፤ አንዱ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ እየሳቀብህ ነው።