ማት ቀለም ያለው አዲስ ሞተር እንዴት ይታጠባል?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ! ጥቁር ማት (የማያብለጨልጭ ቀለም ያለው) ሞተር ከገዛህ ሁለት ሳምንት ሆኖሃል። እስካሁን ለማጠብ ፈርተሃል። ጓደኛህ «ሰም ቀባው፣ ቀለሙን ይጠብቅልሃል» ብሎሃል። ታንኩ ላይ ደግሞ ጉልበትህ የሚያርፍበት ቦታ ማብለጭለጭ ጀምሯል። ጥያቄህን እንዲህ ነው የተረዳሁት። የያዝኩት ሞተር ሁለተኛው ማት ሞተሬ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ።

ከሰሙ ልጀምር። አትቀባው። ፖሊሽ ደግሞ ጭራሽ አጠገቡ እንዳይደርስ። ማት ቀለም የማያብለጨልጨው ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ሆን ተብሎ ሻካራ ስለተደረገ ነው። ሻካራነቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ብርሃን ሲያርፍበት ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ለዚያ ነው እንደ መስታወት የማያንጸባርቀው። ሰም በደቃቃዎቹ ጎድጓዳዎች ውስጥ ይሞላል፣ ቀለሙም ዝንጉርጉር ይሆናል። ፖሊሽ ይብሳል፤ ጉብታዎቹን ራሳቸውን ፈጭቶ ያለሰልሳቸዋል። ሰሙን በብዙ ልፋት ታስለቅቀው ይሆናል። ፖሊሽ ያለሰለሰውን ግን ማንም አይመልስልህም፣ ያን ክፍል እንደ አዲስ ማስቀባት ብቻ ነው። ጭረትም እንደዚሁ ነው። በሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ ቀላል ጭረት በፖሊሽ ይጠፋል፣ በማት ላይ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው።

እኔ ይሄንን ያወቅኩት ከረፈደ ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን አንድ ላቫጆ አስገባሁት። አጣቢው ልጅ ሊያስደስተኝ ብሎ ታንኩን እንደ መኪና በፖሊሽ አሸልኝ። ከመድረቁ በፊት አልታወቀኝም። ሲደርቅ የመዳፍ ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ ቦታ ታንኩ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር የሚያርፈው። በጣም ነበር ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ሞተሬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፣ አንተም ራስህ ብታጥበው እመክርሃለሁ።

አስተጣጠቡ ከባድ አይደለም፣ ትዕግስት ነው የሚፈልገው። ጥላ ውስጥ አቁመው። ኢንጂኑና ማርሚታው በደንብ ይቀዝቀዙ። በጋለ ብረት ላይ ሳሙና ቶሎ ይደርቅና እድፍ ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ምንም ሳትነካው ከላይ ወደ ታች ውሃ አፍስስበት። ይሄንን ደረጃ አትዝለለው። ቀለም የሚጭረው በጨርቅና በቀለሙ መሃል የቀረ አሸዋ ነው። አቧራው በውሃ ከወረደ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

ሳሙናው ሰምም ማብለጭለጫም የሌለበት የመኪና ሻምፖ ይሁን፣ ለማት ቀለም ተብሎ የተሠራ ካገኘህ ደግሞ እሰየው። የልብስ ሳሙና ዱቄት አይሆንም። ሁለት ባልዲ ያዝ፣ አንዱ ለሻምፖው፣ አንዱ ለንጹህ ውሃ። ጨርቁን ሻምፖው ውስጥ ንከር፣ አንድ ቦታ አጥብ፣ ንጹሁ ውሃ ውስጥ አለቅልቀው፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው ተመለስ። ጨርቁ ማይክሮፋይበር የሚባለው፣ ክሩ ደቃቅ የሆነ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። ቀጥ ባለ መስመር ሳትጫን አንሸራትተው። ክብ እየሠራህ አትሸው፤ ማት ቀለም በመታሸት ብቻም ይለሰልሳል። ለቸርኬውና ለታችኛው ክፍል ሌላ ጨርቅ ይኑርህ፣ ያ ጨርቅ ታንኩን መቼም እንዳይነካ።

የደረቀ ትንኝና የወፍ ኩስ ካለ በጥፍርህ እንዳትፍቀው። እርጥብ ጨርቅ ለአምስት ወይም አሥር ደቂቃ ጣል አድርግበት፣ ራሱ ይለቃል። የወፍ ኩስ አሲድ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሽፋኑን ይበላዋል። ስለዚህ የመታጠቢያ ቀን አትጠብቅለት። ነዳጅ ስትሞላ ታንኩ ላይ ጠብ ያለውንም ወዲያው አንሳው። እኔ ለዚሁ ብዬ ከመቀመጫው ሥር ንጹህ ጨርቅ አስቀምጣለሁ።

በግፊት የሚረጭ ማሽን የምትጠቀም ከሆነ ራቅ ብለህ ያዘው። ወደ ጎማው ኩሽኔታ፣ ወደ ካቴናው፣ ወደ ራዲያተሩና ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ አታነጣጥረው። ውሃው ኩሽኔታውንና ካቴናውን የሚዘጉትን የላስቲክ መከላከያዎች አልፎ ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል።

ስታደርቀው አትጥረገው። ጨርቁን አንጥፍበትና ውሃውን ይምጠጥ፣ ከዚያ አንሳው። በራሱ ይድረቅ ብለህ ከተውከው ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ ጥቁር ማት ላይ ደግሞ ይሄ በጣም ያስቀይማል።

ካቴናውን በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው። ቤንዚን አትጠቀም፣ በካቴናው ማያያዣዎች መሃል ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች ይጎዳል። ከደረቀ በኋላ የካቴና ዘይት አድርግለት። ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ነው የምትቀባው፣ ኢንጂኑ ጠፍቶ! ኢንጂን አስነስተው ማርሽ አስገብተው የሚያጸዱ አሉ፣ ጣት የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። ዘይቱ ፍሬን ዲስኩና ጎማው ላይ እንዳይረጭ ከጀርባው ካርቶን ያዝ። የጎማ ማብለጭለጫ የሚባለውንም ተወው፣ መሬት የሚነካው ላይ ከደረሰ ኩርባ ላይ ይጥልሃል። ጨርሰህ ስትወጣ ቀስ ብለህ እየሄድክ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ያዝ፣ ዲስኩ ይደርቃል።

መከላከያ መቀባት ከፈለግክ ለማት ቀለም የተሠራ ብቻ ግዛ፣ መጀመሪያም የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው።

አሁን ወደ ጉልበትህ ቦታ። ምናልባት ላብና ቅባት ብቻ ሊሆን ይችላል። በሻምፖ እጠበው። ካልለቀቀ አይሶፕሮፒል የሚባለውን የማጽጃ አልኮል ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለህ በጨርቅ ቀስ አድርገህ ንካው። ደርቆም ካበለጨለጨ ሱሪህ ሽፋኑን አለስልሶታል ማለት ነው፣ አይመለስም። ያኔ በሁለቱም ጎን የጉልበት መያዣ ጎማ ለጥፍበት። የለሰለሰውን ይሸፍንልሃል፣ እንዳይሰፋም ያደርጋል። ከመለጠፍህ በፊት ግን ቦታውን በደንብ አስተካክል፣ ማት ላይ ማጣበቂያ እየነቀሉ መድገም ጥሩ አይደለም።